ክፍልፋይ ኤክስፖነንትን ወደ ራዲካል መቀየር፦ ስህተቱ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ያቀረቡት ጥያቄ ሲጠቃለል የሚከተለው ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው ክፍልፋይ ኤክስፖነንት ያላቸውን አገላለጾች በራዲካል (በዘር ምልክት √) እንድትጽፍ የቤት ሥራ ተሰጥቷት ነበር። 27^(2/3)ን በስልክ ካልኩሌተር ሲሠሩት 243 ወጣ፤ የመምህሩ መልስ ግን 9 ነው። 5ሀ^(1/2)ን √(5ሀ) ብላ ጽፋ ተሰርዞባታል። 16^(−3/4)ን −8 ብላለች። (−8)^(1/3) ደግሞ −2 ነው ተብሎ ሳለ፣ አባትየው 1/3ን በ2/6 ተክተው ሲሠሩት 2 ስለወጣላቸው እርሳቸውም ግራ ተጋብተዋል። «የትኛው ቁጥር ከዘር ምልክቱ ውጭ፣ የትኛው ከውስጥ እንደሚገባ የምናስታውስበት አንድ አጭር ዘዴ ይስጡን» ሲሉ ይጠይቃሉ። («^» የሚለው ምልክት ቀጥሎ ያለው ቁጥር ኤክስፖነንት መሆኑን ያመለክታል።)

ምላሽ

የማስታወሻ ዘዴ ልጅዎን አይጠቅማትም፤ ምክንያቱም ከዘረዘሯቸው አራት ችግሮች መካከል «ውጭ ነው ወይስ ውስጥ» የሚለውን ባለማስታወስ የመጣ አንድም የለም። የመጀመሪያው የካልኩሌተር አጻጻፍ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ኤክስፖነንቱ የማን እንደሆነ ካለመለየት፣ ሦስተኛው በኤክስፖነንት ላይ ያለ የመቀነስ ምልክት ምን እንደሚሠራ ካለማወቅ የመጣ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ሕጉ ራሱ የሚያገለግልበት ወሰን አለመነገሩ ነው። አራቱንም የሚፈታው ክፍልፋይ ኤክስፖነንት ለምን ዘር እንደሚሆን መረዳት ነው፤ ስለዚህ ከዚያው እጀምራለሁ።

ሀ³ × ሀ² = ሀ⁵ የሚሆነው ሦስት ተባዦችና ሁለት ተባዦች በአንድነት አምስት ስለሚሆኑ ነው። ኤክስፖነንቱ ግማሽ ሲሆን ግን ይህ ገለጻ አያስኬድም፤ አንድን ቁጥር ግማሽ ጊዜ በራሱ ማባዛት ትርጉም የለውም። በመሆኑም ጥያቄው በሌላ መንገድ ይቀርባል፦ ኤክስፖነንቶችን የመደመር ሕግ በክፍልፋዮችም ላይ እንዲጸና ከተፈለገ 9^(1/2) ስንት ሊሆን ይገባዋል? ሕጉ እንደሚለው 9^(1/2) × 9^(1/2) = 9^(1/2 + 1/2) = 9¹ = 9 ነው። እንግዲህ 9^(1/2) በራሱ ሲባዛ 9 የሚሰጥ ቁጥር መሆን አለበት ማለት ነው፤ እርሱም የ9 ዳግም ዘር፣ ማለትም √9 = 3 ነው። ብዙ ተማሪዎች 9^(1/2)ን ሲያዩ 4.5 ይላሉ፤ 1/2ን አይተው ዘጠኝን ለሁለት አካፈሉ። 4.5 ግን 9ን በመደመር የሚሠራው ግማሽ ነው፤ ኤክስፖነንት የሚናገረው ስለ ማባዛት ስለሆነ የሚፈለገው 3 × 3 እንጂ 4.5 + 4.5 አይደለም። −3ም በራሱ ሲባዛ 9 ይሰጣል የሚል ተማሪ ትክክለኛ ነገር አስተውሏል፤ ይሁን እንጂ የ√ ምልክትም ሆነ የ1/2 ኤክስፖነንት ኔጋቲቭ ያልሆነውን ዘር ብቻ እንዲያመለክቱ ስምምነት ስላለ መልሱ 3 ብቻ ነው። ±3 የሚመጣው «በራሱ ተባዝቶ 9 የሚሆነው ቁጥር ማን ነው» የሚል እኩልዮሽ ስንፈታ ነው።

ታሕቱ (የክፍልፋዩ የታችኛው ቁጥር) ሲጨምርም ነገሩ ያው ነው። 27^(1/3) ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሲባዛ 27 መስጠት ስላለበት የ27 ሣልስ ዘር፣ ∛27 = 3 ይሆናል። ላዕሉ (የላይኛው ቁጥር) ከ1 ሲበልጥ ደግሞ ከተራ ክፍልፋይ የምናውቀውን አካሄድ እንከተላለን። 27 = 3 × 3 × 3 ብለን ወደ ሦስት እኩል ተባዦች እንከፍለዋለን፤ 2/3 የሚለው ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱን ውሰድ ይለናል፤ 3 × 3 = 9። 16^(3/4)ም እንዲሁ ነው፤ 16 = 2 × 2 × 2 × 2፣ ከአራቱ ሦስቱ ሲወሰዱ 8። ታሕቱ ወደ ስንት እኩል ተባዦች እንደሚከፈል፣ ላዕሉ ስንቱ እንደሚወሰድ ይናገራል። ልጅዎ ይህን በራሷ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘርዝራ ከጻፈችው፣ ታሕቱ ለምን የዘር ምልክቱ ትከሻ ላይ እንደሚቀመጥ ማንም ሊያስታውሳት አያስፈልግም።

ላዕሉ ከዘር ምልክቱ ውጭ ወይስ ውስጥ የሚለው ጥያቄ ቤዙ (ኤክስፖነንቱ የተሰጠው ቁጥር) ፖዘቲቭ እስከሆነ ድረስ ምላሹ «ሁለቱም» ነው። (∛27)² = 3² = 9 ነው፤ ∛(27²) = ∛729ም 9 ነው። ልዩነቱ የድካም ብቻ ነው። 32^(3/5)ን ብንወስድ መጀመሪያ አምስተኛውን ዘር ያወጣ ተማሪ 2³ = 8 ብሎ በቃሉ ይጨርሳል፤ መጀመሪያ ያበዛ ግን 32768 ላይ ደርሶ የዚያን አምስተኛ ዘር ይፈልጋል። ስለዚህ ቤዙ ዘሩ በሙሉ ቁጥር የሚወጣለት ሲሆን ዘሩን አስቀድሙ። እንደ 5^(2/3) ያለው፣ የ5 ሣልስ ዘር ሙሉ ቁጥር የማይሆንበት ሲመጣ ግን ላዕሉን ወደ ውስጥ አስገብቶ ∛25 ብሎ መተው ንጹሕ አጻጻፍ ነው።

ካልኩሌተሩ 243 ያለው 27^2/3 ተብሎ ያለ ቅንፍ ስለተጻፈለት ነው። ማሽኑ ከማካፈል በፊት ኤክስፖነንትን ስለሚያስቀድም 27² = 729 ካለ በኋላ ለ3 አካፍሎታል፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። 27^(2/3) ተብሎ ቢጻፍለት 9 ይሰጥዎታል።

ሁለተኛውን ስህተት ሰፋ አድርጌ ላየው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በፈተና ላይ ከሁሉ ይልቅ ነጥብ የሚያስጥለው ይኸው ነው። ኤክስፖነንት የሚገዛው ከሥሩ የተጠጋውን ብቻ ነው። 5ሀ^(1/2) ሲጻፍ 1/2 የተጠጋው ሀን ስለሆነ አገላለጹ 5√ሀ ይሆናል፤ 5 ወደ ውስጥ የሚገባው (5ሀ)^(1/2) ተብሎ በቅንፍ ሲታቀፍ ብቻ ነው። ልዩነቱን ለማየት በሀ ቦታ 4ን ያስገቡ፤ የመጀመሪያው 5 × 2 = 10 ሲሆን ሁለተኛው √20፣ ወደ 4.47 ገደማ ነው። በእጅ ጽሑፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። √ የሚለው ምልክት እ.ኤ.አ. በ1525 ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ ላይ በኅትመት ሲወጣ ከላዩ የተዘረጋ መስመር አልነበረውም፤ ምልክቱ እስከ የት እንደሚደርስ በግልጽ የሚያሳየውን መስመር እ.ኤ.አ. በ1637 የጨመረው ሬኔ ዴካርት ነው። ልጅዎ ያንን መስመር አሳጥራ ወይም አስረዝማ ከጻፈች ሌላ ቁጥር ጽፋለች፤ ፈታኝ ደግሞ የሚያርመው ያሰበችውን ሳይሆን የጻፈችውን ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። በቅንፍ ውስጥ ያለው ብዜት ከሆነ ዘሩ ለሁለቱም ይከፋፈላል፤ (9 × 16)^(1/2) = 3 × 4 = 12። ድምር ከሆነ ግን አይከፋፈልም፤ (9 + 16)^(1/2) = √25 = 5 ነው እንጂ 3 + 4 = 7 አይደለም። ተማሪዋ ይህን ካልለየች የቀረው ሁሉ ትክክል ቢሆንም መልሷ ይበላሻል።

ላዕሉ ከታሕቱ በሚበልጥበት ጊዜ መምህራን «ሲምፕሊፋይ አድርጉ» የሚሉት ምን እንደሆነ በጥያቄዎ ባይነሳም ቀጣዩ የቤት ሥራ ስለሚሆን ልጨምረው። 2^(7/3)ን እንውሰድ። 7 ለ3 ሲካፈል 2 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ 2^(7/3) = 2² × 2^(1/3) = 4∛2። የደረሰው ቁጥር ኤክስፖነንት ሆኖ ውጭ ይቀራል፣ ቀሪው ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ የሚታየው ስህተት ደራሹን 2 ተራ አባዥ አድርጎ 2∛2 ብሎ መጻፍ ነው። በዚሁ መንገድ ሀ^(3/2) = ሀ√ሀ ይሆናል። ይህ ቅርፅ በክፍል ውስጥ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ መሠረት አንድ ፕላኔት ፀሐይን የሚዞርበት ጊዜ በዓመት ሲለካ፣ ከፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት በምድር ርቀት ተለክቶ 3/2 ኤክስፖነንት ሲሰጠው ይገኛል። የማርስ ርቀት 1.524 ስለሆነ 1.524 × √1.524 ሲሰላ ወደ 1.88 ዓመት ይመጣል፤ ማርስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅባትም ይኸው ነው።

ወደ ሦስተኛው ስህተት ስንመጣ፣ በኤክስፖነንት ላይ ያለ የመቀነስ ምልክት መልሱን ኔጋቲቭ አያደርገውም። 16^(3/4) × 16^(−3/4) = 16⁰ = 1 መሆን ስላለበት፣ 16^(−3/4) ከ8 ጋር ሲባዛ 1 የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ይህም 1/8 ነው። በራዲካል ሲጻፍ 1/(⁴√16)³ ይሆናል። ይህን በእጅ የሚዳሰስ ለማድረግ ልጅዎን ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ይዘዋት ቢሄዱ ይበቃል። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ 297 ለ210 ሲካፈል 1.414፣ ማለትም √2 ወይም 2^(1/2) ገደማ ይሆናል። ኤ4ን ወደ ኤ3 ለማሳደግ ማሽኑ 141 በመቶ የሚለው ለዚህ ነው። ኤ3ን ወደ ኤ4 ለማሳነስ ደግሞ 71 ወይም 70 በመቶ ይላል፤ ያ 2^(−1/2) ነው፣ 1/√2፣ በአስርዮሽ 0.707። የመቀነስ ምልክቱ ገጹን አሳነሰው እንጂ ከዜሮ በታች አላወረደውም፤ አሳድገው መልሰው ቢያሳንሱትም በመጀመሪያ መጠኑ ይመለሳል፣ የሁለቱ ብዜት 1 ነውና። 1/√2ን ላይና ታቹን በ√2 አባዝተው √2/2 ብለው እንዲጽፉ የሚጠይቁ መምህራን አሉ፤ ሁለቱም ያው ቁጥር ስለሆነ ልጅዎ መምህሯ የሚፈልጉትን ቅርፅ ትከተል።

አራተኛው ጥያቄዎ ከሁሉም የጠለቀ ነው፤ ስሌትዎም ላይ ስህተት የለም። (−8)^(1/3)ን እንደ ሣልስ ዘር ካየነው −2 ነው፣ (−2) × (−2) × (−2) = −8 ይሆናልና። 1/3ን 2/6 ብለን (−8)² = 64፣ ከዚያም የ64 ስድስተኛ ዘር ብንል 2 ይወጣል። 1/3 እና 2/6 አንድ ቁጥር ሆነው ሳለ −2 እና 2 አንድ ሊሆኑ አይችሉም። የዚህ መፍትሔ አዲስ ዘዴ መፈለግ አይደለም፤ የክፍልፋይ ኤክስፖነንት ሕጎች በሙሉ ያለ ሥጋት የሚሠሩት ቤዙ ፖዘቲቭ ሲሆን ብቻ መሆኑን መቀበል ነው። ቤዙ ኔጋቲቭ ሲሆን መጀመሪያ መፍረስ የሚጀምረው የተደራረቡ ኤክስፖነንቶችን የማባዛት ሕግ ነው፤ እርስዎም የሄዱት በዚያው በኩል ነው። በትምህርት ቤት ደረጃ የተለመደው ስምምነት እንዲህ ነው፦ ክፍልፋዩ በመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይቃለል (2/6 ወደ 1/3 እንደማለት)፤ ከዚያ ታሕቱ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ የኔጋቲቭ ቁጥር ዘር ይወሰዳል፣ ስለዚህ (−8)^(1/3) = −2፣ (−8)^(2/3) = 4 ነው። ታሕቱ ጥንድ ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ (−16)^(1/4)፣ መልሱ በሪል ቁጥሮች ውስጥ የለም ተብሎ ይጻፋል። ካልኩሌተሮች በዚህ ነጥብ አይስማሙም፤ አንዱ (−8)^(1/3)ን −2 ሲል ሌላው ስህተት ያሳያል፣ ወይም የምናባዊ ክፍል ያለው ቁጥር ያወጣል። በኔጋቲቭ ቤዝ ላይ ካልኩሌተርን ዳኛ አታድርጉ።

ከዚህ ጋር ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። −16^(1/2) ያለ ቅንፍ ሲጻፍ ኤክስፖነንቱ የሚነካው 16ን ብቻ ስለሆነ −4 ነው፤ (−16)^(1/2) ግን በሪል ቁጥሮች መልስ የለውም። √(ሀ²)ን ደግሞ ሁልጊዜ ሀ ነው ማለት አይቻልም፤ በሀ ቦታ −3 ቢገባ √9 = 3 ይወጣል እንጂ −3 አይወጣም። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ የሀ አብሶሉት ቫልዩ (የመቀነስ ምልክቱ ተትቶ የሚቀረው መጠን) ነው፤ ብዙ መልመጃዎች «ሀ ፖዘቲቭ ነው እንበል» ብለው የሚጀምሩት ይህን ጣጣ ለማስቀረት ስለሆነ ያቺን ዓረፍተ ነገር ዘልሎ ማለፍ አይገባም።

ኤክስፖነንቱ በአስርዮሽ ቢመጣ፣ 16^0.75 ወደ 16^(3/4)፣ 32^0.4 ወደ 32^(2/5) ይለወጥና እንደ ሌላው ይሠራል። እንደ 2^√2 ያለውን ግን በማንኛውም ራዲካል መጻፍ አይቻልም፤ √2 የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ስላልሆነ ታሕት የሚሆን ቁጥር የለም።

በሁለቱ አጻጻፎች መካከል የትኛውን ትጠቀም ለሚለው የእኔ አቋም የጸና ነው፦ ሥራው በኤክስፖነንት ይሠራ፣ ራዲካሉ ለመጨረሻው መስመር ይቆይ። √2 × ∛2ን በራዲካል የያዘ ተማሪ ሁለቱን ዘሮች እንዴት እንደሚያዋህድ አያውቅምና ይገምታል፤ 2^(1/2) × 2^(1/3) ብሎ የጻፈ ግን ክፍልፋዮቹን ደምሮ 2^(5/6) ያገኛል፣ መጨረሻ ላይ ⁶√32 ብሎ ይጽፋል። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1676 በጻፈው ደብዳቤ ዘሮችን በክፍልፋይ ኤክስፖነንት እንደሚጽፍ ያብራራውም፣ ብዙ ስሌት በአንድ ሕግ ሥር ስለሚጠቃለልለት ነበር።

ስለዚህ ልጅዎ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ትሥራ። ኤክስፖነንቱ የሚገዛውን ነገር ለይታ በቅንፍ ትከበው፤ በጥያቄው ላይ ቅንፍ ባይኖርም እርሷ ታስገባ፣ 5 × (ሀ)^(1/2) እንደማለት። ቀጥላ የመቀነስ ምልክት ካለ ከማንኛውም ስሌት በፊት 1/ አድርጋ ታስወግደው። ከዚያ በኋላ ታሕቱን ዘር፣ ላዕሉን ኤክስፖነንት አድርጋ ትጻፍ። እነዚህን ሦስት እርምጃዎች በሦስት መስመር እንጂ በቃሏ አታድርጋቸው፤ መስመሩን መዝለል የሚፈቀደው ሳትሳሳት መሥራት ከለመደች በኋላ ነው። ግማሹን ጊዜም ከራዲካል ወደ ኤክስፖነንት በመመለስ ትለማመድ፤ ለምሳሌ 1/∛(ሀ²)ን ሀ^(−2/3) ብላ መጻፍ የማትችል ከሆነ ወደዚያ የሄደችበትም መንገድ አልገባትም ማለት ነው።

መልሷን ለማረጋገጥ ካልኩሌተር አያስፈልጋትም። ላገኘችው ቁጥር ታሕቱን ኤክስፖነንት አድርጋ ትስጠው፤ ውጤቱ ቤዙ ላዕሉን ኤክስፖነንት ሲሰጠው ከሚወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ለ27^(2/3) 9 ካገኘች፣ 9³ = 729 እና 27² = 729 ስለሚገጥሙ መልሱ ልክ ነው። ለ16^(−3/4) 1/8 ካገኘች፣ የ1/8 አራተኛ ርቢ 1/4096 ነው፣ 16^(−3)ም 1/4096 ነው። የመጀመሪያ መልሷ −8 ግን በዚህ መንገድ 4096 ስለሚሰጥ ወዲያውኑ ይወድቃል። ታሕቱ ጥንድ ቁጥር ሲሆን ግን ይህ ማረጋገጫ −1/8ንም ያሳልፋል፣ አራት ጊዜ ሲባዛ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋልና፤ ስለዚህ ታሕቱ 2፣ 4፣ 6 በሆነ ቁጥር፣ ቤዙ ፖዘቲቭ ከሆነ መልሱም ፖዘቲቭ መሆኑን ለብቻው ትመልከት።